የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ፤ በስዊድን ሰሜናዊ ጠረፍ የተተከለው የትምህርትና የምርምር ማዕከል

ኖርላንድ የተባለው የስዊድን ሰሜናዊ ክፍል ከአገሪቱ ምድር እኩሌታውን የሚያልፍ ስፋት አለው። ለወረቀትና ለሳንቃ የሚሆነው ደን፣ የብረቱ ማዕድን፣ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚወጣባቸው ታላላቅ ወንዞች አብዛኛዎቹ የሚገኙት በዚሁ ነው፤ የሚኖርበት ሕዝብ ግን ጥቂት ነው። ሀብቱ በባቡርና በመርከብ ወደ ደቡብ ሲወርድ ወጣቱም ተከትሎት ይወርድ ነበር። ሐኪም ወይም ዳኛ ለመሆን የሚመኝ የሰሜን ልጅ ወደ ኡፕሳላ ወይም ወደ ስቶክሆልም መሄድ ግዴታው ስለ ነበረ፣ ከሄደም በኋላ ሥራና ትዳር ይዞ በዚያው ስለሚቀር፣ የሰሜኑ አውራጃዎች ልጆቻቸውን አሳድገው ለሌላው የሚሰጡ ሆነው ኖሩ።

ይህን ለማቃናት ታስቦ የተቋቋመው የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሴፕቴምበር 17 ቀን 1965 ዓ.ም. ንጉሥ ጉስታቭ ስድስተኛ አዶልፍ መርቀው ከፈቱት፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። በአገሪቱ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች አምስተኛው ነበረ። ከርሱ በፊት ከነበሩት ኡፕሳላ በ1477፣ ሉንድ በ1666 የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ ጎተቦርግ በ1954፣ ስቶክሆልም ደግሞ በ1960 የዩኒቨርሲቲነትን ማዕርግ ያገኙ ናቸው፤ አራቱም ከኖርላንድ በስተ ደቡብ ይገኛሉ።

የኡሜኦ ከተማ ከስቶክሆልም ወደ ሰሜን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የኡሜ ወንዝ ወደ ቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ከሚገባበት አጠገብ ተቀምጣለች። በዲሴምበር መጨረሻ የፀሐይ ብርሃን የሚታይበት ጊዜ በቀን ከአምስት ሰዓት አይበልጥም። ቀድሞ የጦር ሠፈርና የአውራጃ አስተዳደር መቀመጫ የነበረች ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1888 ዓ.ም. ቃጠሎ አብዛኛውን ክፍሏን ስላጠፋው፣ እንደ ገና ስትሠራ እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይሻገር በማለት ሰፋፊ መንገዶች ወጥተው በዳርና በዳር በርች የተባለው ዛፍ ተተከለባቸው፤ ዛሬም የበርች ዛፎች ከተማ እየተባለች ትጠራለች።

በእንዲህ ያለ ስፍራ ዩኒቨርሲቲ ማቋቋም ያለ ክርክር የተፈጸመ ነገር አይደለም። ተቃዋሚዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አልነበረም፤ ዕውቀት በአንድ ስፍራ ሲከማች ይበረታል፣ የታወቁ መምህራን ቤተ መጻሕፍትና ባልንጀሮቻቸው ካሉበት ርቀው ለመሥራት አይወዱም፣ ገንዘቡም ተበታትኖ ከንቱ ይሆናል የሚል ነበር። የሰሜኑ ወገን ጠበቃ ሆነው ከቆሙት አንዱ የመገናኛ ሚኒስትር የነበሩት የኡሜኦው ተወካይ ዬስታ ስኩግሉንድ ናቸው። ነገሩን ያሸነፈው ግን ከንግግር ይልቅ የጥርስ ሐኪም እጦት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሰሜን የጥርስ ሐኪም ማግኘት ብርቅ ስለ ነበር በ1956 ዓ.ም. የጥርስ ሐኪሞች ማሠልጠኛ በኡሜኦ ተከፈተ፤ የሕክምና ትምህርት ተከተለው፤ ዩኒቨርሲቲውም በነዚህ ላይ ተገነባ። አስቀድሞ ችግሩ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ፣ በመጨረሻ ማዕርጉ የመጣበት ይህ አካሄድ ለአስተዳዳሪ ሁሉ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ዩኒቨርሲቲው በሕግ በኩል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሬክተሩን የሚሾመው በአስተዳደር ቦርዱ አቅራቢነት መንግሥት ነው፤ መምህራኑም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። የስዊድን ተወላጅና የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ዜጋ የሆነ ተማሪ የትምህርት ዋጋ አይከፍልም፤ ከሌላ ዓለም የሚመጣው ግን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ እንዲከፍል ተደርጓል። ለዶክተርነት ማዕርግ የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ ሆኖ ይቀጠራል እንጂ እንደ ተራ ተማሪ አይቈጠርም። መንግሥት ለማስተማሪያ የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በተመዘገበው ተማሪ ቍጥር ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው ፈተናውን አልፎ በሚያስመዘግበው ውጤትም ጭምር የሚታሰብ ሆነ። ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዘዴ ሁለት ፊት አለው፤ መምህሩን ለተማሪው እንዲተጋ ያደርገዋል፣ ነገር ግን ማሳለፍ ገንዘብ የሚያስገኝ ሲሆን መጣል የሚያስከፍል ይሆናል።

ዛሬ ተማሪዎቹ ከ35,000 በላይ፣ ሠራተኞቹም ከ4,000 በላይ ናቸው። ሕክምና፣ የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኒክ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋ በአራት ፋኩልቲዎች ተከፍለው ይሰጣሉ፤ የመምህራን ማሠልጠኛም አለው። በሰሜኑ ምድር ከጥንት ጀምሮ የኖሩት የሳሚ ሕዝብ ቋንቋም በዚያ ይማሩታል። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የዕቃና የመሣሪያ ቅርጽ ንድፍ የሚያስተምረው ክፍል ከውጭ አገር ብዙ ተማሪ የሚስብ ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ከታላቁ የኖርላንድ ሆስፒታል ጋራ ጎን ለጎን ስለ ተሠራ ሐኪሙ ከበሽተኛው አልጋ ተነሥቶ ወደ ምርምር ክፍሉ በእግሩ ይደርሳል።

ይህም መቀራረብ ያፈራው ሥራ ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት ኡሜኦ በምትገኝበት በቬስተርቦተን አውራጃ በልብና በደም ሥር ሕመም የሚሞተው ሰው ከስዊድን አውራጃዎች ሁሉ የበዛ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኖርሾ በተባለችው በደን መካከል ባለች አነስተኛ ወረዳ አንድ ሙከራ ተጀመረ። ሰው በታወቀ ዕድሜ ላይ ሲደርስ፣ ሕመም ባይሰማውም፣ ወደ ጤና ጣቢያው እየተጠራ የደም ግፊቱ፣ የደሙ ስኳርና ቅባት ይመረመራል፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ትምባሆውና ስለ እንቅስቃሴው ከነርስ ጋራ ይነጋገራል። ባለ ሱቆቹም ቅባት ያነሰባቸውን ምግቦች ምልክት እያደረጉ በመሸጥ በነገሩ ገቡበት፤ ሐኪምና ነጋዴ በአንድ ዓላማ የሠሩበት ጥሩ ምሳሌ ነው። ቈይቶም ሥራው ወደ አውራጃው በሙሉ ተስፋፍቶ 40፣ 50 እና 60 ዓመት የሞላው ሁሉ የሚጠራበት ሆነ። ፈቃዱን ከሰጠው ሰው የሚወሰደው ደም በኡሜኦ በበረዶ ቅዝቃዜ ተጠብቆ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላ ያ ሰው ቢታመም፣ ሕመሙ ከመታየቱ በፊት ደሙ ምን ይናገር እንደ ነበረ ለመመርመር ያስችላል። በ2015 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በአውራጃው የሞቱ መጠን ከሚጠበቀው ዝቅ ማለቱን ገልጿል።

እንዲህ ያለው ሥራ የሚቻለው መዝገብ ባለበት አገር ነው። በስዊድን እያንዳንዱ አጥቢያ ቄስ የተወለደውን፣ ያገባውንና የሞተውን እንዲጽፍ በ1686 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ታዝዞ ነበር፤ በ1749 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝቡ ቍጥር ከነዚሁ መዝገቦች እየተውጣጣ ለመንግሥት እንዲቀርብ ተደረገ። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህ የቄሶች መዝገቦች ወደ ኮምፒዩተር እየተገለበጡ የሕዝብ ታሪክ ማጥኛ እንዲሆኑ የተጀመረው ሥራ ዛሬ በኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ እጅ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሞተ የአንድ ጭሰኛ ሕፃን ስም ከወላጆቹ ጋራ ተያይዞ ይገኛል። ያን ጊዜ በጧፍ ብርሃን ይጽፍ የነበረው ቄስ ለግብርና ለምልመላ እንጂ ለሕክምና ሊቅ መጻፉን አላሰበም።

መዝገብ የሌለበት አገርስ ምን ያድርግ? ኡሜኦን ከኢትዮጵያ ጋራ ያገናኘው ይህ ጥያቄ ነው። በ1986 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍልና የኡሜኦ ሊቃውንት በስዊድን መንግሥት የምርምር ገንዘብ እየተረዱ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በምትገኘው በቡታጅራ አካባቢ አንድ የከተማና ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች መርጠው የቤቱን ሰው ሁሉ ቈጠሩ። ከቈጠሩም በኋላ በዚያው አልተዉትም፤ ከመንደሩ የተቀጠሩ ጸሐፊዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ መመዝገቡን ቀጠሉ። ሕፃናት በምን ምክንያት እንደሚሞቱ፣ እናቶች በወሊድ ጊዜ ምን እንደሚያገኛቸው፣ ቀደም ሲል በግምት ይነገር የነበረው ሁሉ በቍጥር ተደግፎ የሚነገር ሆነ። በዚህ ሥራ ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ ከነርሱም መካከል ደስታ ሻሜቦና በአእምሮ ሕመም ጥናት የታወቁት አታላይ ዓለም፣ የዶክተርነት ማዕርጋቸውን ያገኙት ከኡሜኦ ነው። የጥናታቸው ፍሬ ነገር የተሰበሰበው ከቡታጅራ ገበሬ ቤት እንጂ ከስዊድን ስላልነበረ፣ ሰውየው ተምሮ ሲመለስ ሥራው በአገሩ ይጠብቀው ነበር። ወደ ውጭ አገር ተማሪ ለሚልክ መሥሪያ ቤት ይህ ሥርዓት ብዙ ትርፍ እንዳለው ግልጽ ነው።

በደኑም በኩል የተሠራው ጥቂት አይደለም። ስፕሩስ የተባለው የጥድ ወገን የስዊድን የእንጨት ንግድ ምሰሶ ነው። የኡሜኦ የዕፀዋት ሊቃውንት የመሩት ጉባኤ የዚህን ዛፍ የዘር ውርስ ጽሕፈት፣ ጂኖም የሚባለውን፣ አንብቦ በ2013 ዓ.ም. አሳተመ፤ ርዝመቱ ከሰው ጂኖም ከስድስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ሥራ ገንዘቡን የሰጠው በዋናው የዋለንበርግ ባለጸጎች የምርምር ድርጅት ነው። በእንጨት ንግድ የበለጸገው የኬምፔ ቤተሰብ ያቋቋማቸው ድርጅቶችም የሰሜኑን ምርምር ለብዙ ዓመታት ሲረዱ ኖረዋል። ከደኑ የተገኘው ትርፍ ከፊሉ ወደ ደኑ ተመለሰ ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲውን በዓለም ያስጠራው ነገር ግን ማንም ያላቀደው ነው። ኤማኑኤል ሻርፓንትዬ የተባሉት ፈረንሳዊት ሊቅ በ2009 ዓ.ም. ወደ ኡሜኦ መጥተው፣ የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣ ባክቴርያ ከቫይረስ ራሱን እንዴት እንደሚከላከል ይመረምሩ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ያሳተሙት ግኝት፣ በሚከተለውም ዓመት ከአሜሪካዊቷ ጄኒፈር ዳውድና ጋራ የጨረሱት ሥራ፣ ክሪስፐር ለተባለው የዘር ውርስን ቈርጦ ማረሚያ መሣሪያ መሠረት ሆነ፤ ሁለቱም በ2020 ዓ.ም. የኬሚስትሪውን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ በሽልማቱ ጊዜ ሻርፓንትዬ በበርሊን ነበሩ። ኡሜኦ ሊቋን በስማቸው ገና ሳይታወቁ አስጠግታ፣ ከታወቁ በኋላ ለታላቂቱ ከተማ አስረከበች፤ የጥንቱ የሰሜን ችግር በአዲስ መልክ መጣ እንደ ማለት ነው።

ከተማዪቱን በሚመለከት የተቃዋሚዎቹ ፍርሃት ሳይፈጸም ቀርቷል። የኡሜኦ ወረዳ ሕዝብ ዛሬ ከ130,000 በላይ ነው፤ ቤት አከራዩ፣ ባለ መጽሐፍ ቤቱ፣ ግንበኛውና ባለ ምግብ ቤቱ ገበያቸው በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲውና ከሆስፒታሉ የሚመጣ ነው። ከርሷ በኋላ መንግሥት በ1977 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በብዙ ከተሞች ከፍተኛ ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ፤ ካርልስታድ፣ ቬክሾና ኤሬብሩ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። እንዲህ መብዛቱ ገንዘቡን ያሳሳል የሚለው ወቀሳ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ ሐሰት ነው ለማለትም አይቻልም።

ሌላም ያልተፈታ ነገር አለ። ኡሜኦ ስትሰፋ ከባሕሩ ራቅ ብለው በደኑ ውስጥ ያሉት ወረዳዎች ሰው እየጎደላቸው ሄዷል፤ ቀድሞ ወጣቱ ወደ ስቶክሆልም ይሄድ እንደ ነበር አሁን ወደ ኡሜኦ ይሄዳል። በብዙ የጤና ጣቢያዎች ቋሚ ሐኪም ስለማይገኝ፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚመጣ ሐኪም በብዙ ገንዘብ ይቀጠራል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎቹን በአንድ ቦታ ማስተማሩን ትቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በኡሜኦ ከጨረሱ በኋላ ለቀረው ትምህርት በኡሜኦ፣ በሉሌኦ፣ በሱንድስቫልና በኧስተርሹንድ ሆስፒታሎች አከፋፈላቸው። ትምህርቱ በአራቱም ከተሞች በአንድ ሰዓት ይሰጣል፤ መምህሩ በአንዱ ቆሞ ሲናገር የሦስቱ ተማሪዎች በመስተዋት ያዩታል፣ ጥያቄም ይጠይቁታል። ከሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ወደ ተመደበበት ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛውን ያያል፤ ተመርቆም ሊሠራበት የሚችለውን መሥሪያ ቤት ከነሐኪሞቹና ከነነርሶቹ አስቀድሞ ያውቀዋል።