ሳይቀደድ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ
አውቶቡስን ቤት አድርጎ ክረምትን ማለፍ ስለ ቆርቆሮ ቤታችን ምን ያስተምረናል?

ሐምሌ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ኮርኒስ ባልተሠራለት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ግንባሩ ላይ ጠብታ አርፋበት ይነቃል። ሲነጋ መሰላል አቁሞ ይወጣል፤ ሚስማሩን አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ የጠረጠረውን ሁሉ በሲሊኮን ይደፍናል። በማግሥቱ ሌሊት ጠብታዋ ተመልሳ ትመጣለች። ጣሪያው አልተቀደደም። ያቺ ውሃ የወረደችው ከደመና ሳይሆን ከራሱ ከተኛው ሰው እስትንፋስ ነው።

ይህን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ ቤት ቢፈለግ አውቶቡስን የሚስተካከለው የለም። ጣሪያው ላሜራ፣ ግድግዳው ላሜራ፣ የቀረው መስታወት ነው። በሰሜን አሜሪካ አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ገዝተው ወንበሩን ነቅለው፣ አልጋና ማድቤት ሠርተው የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ቤቱንም «ስኩሊ» ይሉታል። በእኛም አገር አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ ሌላ ሥራ ሲይዝ አይተናል፤ ከአገልግሎት የወጡ የአንበሳ አውቶቡሶች አዲስ አበባ ውስጥ የሸገር ዳቦ መሸጫ ሆነዋል። ኮንቴይነርማ ሱቅም፣ የጥበቃ ቤትም፣ መኖሪያም ከሆነ ሰነበተ። መናኸሪያ ውስጥ ዕቃ እየጠበቁ መኪናው ውስጥ የሚያድሩ ረዳቶችም ሲነጋ የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል ረጥቦ ሲወርድ ያውቁታል።

እስቲ 11 ሜትር ርዝመትና 2.5 ሜትር ስፋት ያለው አሮጌ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በሐሳባችን ወደ ባሕር ዳር እንውሰድና ግሽ አባይ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ እናቁመው። ወንበሩ ወልቋል፤ ፍራሽና የጋዝ ምድጃ ገብቷል። ግድግዳው ግን ገና አልለበሰም። ሥራው ሳያልቅ ክረምቱ ቀደመ።

የእኛ ክረምት ውሃ ነው

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ሰከላ ውስጥ ካለው የግሽ አባይ ምንጭ ነው። ከግሽ የሚነሳው ግልገል አባይ ጣና ይገባል፤ ከጣና የሚወጣው አባይ ደግሞ ባሕር ዳርን አቋርጦ ወደ ጢስ አባይ ይወርዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ትቀበላለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በሐምሌና በነሐሴ ብቻ በየወሩ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። የአውቶቡሳችን ጣሪያ 27.5 ካሬ ሜትር ስለሆነ በአንድ ወር 11,000 ሊትር፣ ማለትም 55 በርሜል ውሃ ይወርድበታል።

ፈረንጆቹ በአውቶቡስ ቤት ስለሚያሳልፉት ክረምት ሲያወሩ የሚያስቡት በረዶን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ግን የሐምሌ ሌሊት 14 እና 15 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ብርዱ የሚጠነክረው ሰማዩ በሚጠራበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ጋቢ ያለው ሰው የሐምሌን ቅዝቃዜ ይችለዋል። አስቸጋሪው ከላይ የሚወርደውና ከውስጥ የሚነሳው ውሃ ነው። ከላይ የሚወርደው ድምፅ አለው፤ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ እየመታ ይመጣል። ከውስጥ የሚነሳው ድምፅ የለውም።

እስትንፋስ ሲመዘን

አንድ አዋቂ ሰው ተኝቶ ሳለ በእስትንፋሱና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ገደማ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ሁለት ሰዎች ስምንት ሰዓት ቢተኙ ከግማሽ ሊትር በላይ ይሆናል። ይህ ውሃ ተን ስለሆነ አይታይም። አየር ግን የሚሸከመው ተን ልክ አለው፤ ልኩም ከሙቀቱ ጋር ይለዋወጣል። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17.3 ግራም ተን ይይዛል። በ15 ዲግሪ የሚችለው 12.8 ግራም ብቻ ነው። ሞቅ ያለው አየር ቀዝቃዛ ላሜራ ሲነካ ከልኩ በላይ የሆነውን እዚያው ያራግፈዋል። ማለዳ ሣሩ ላይ የምናየው ጤዛም የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ የሚጀምርበትን የሙቀት መጠን የሳይንስ ሰዎች የጤዛ ነጥብ ይሉታል።

አሁን አውቶቡሳችንን እናስላው። ውስጡ ወደ 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ውጭው 15 ዲግሪ ነው፤ አየሩም ሊሸከም ከሚችለው ተን 90 በመቶውን ይዟል እንበል፤ ይህም በሜትር ኩብ 11.5 ግራም ነው። ይህ አየር ከገባ በኋላ መስኮትና በር ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ፣ 15 ዲግሪ የሆነው ላሜራ ማላብ እስኪጀምር ድረስ የሚቀረው ቦታ 65 ግራም ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች በሰዓት 80 ግራም ይለቃሉና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሞሉት። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ የሚተነፍሱት ትርፍ ሁሉ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል።

ምግብ ሲበስል ደግሞ ይብሳል። የሲሊንደር ጋዝ ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል፤ አንድ ኪሎ ጋዝ ወደ 1.6 ኪሎ ግራም ውሃ ይወጣዋል፤ ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት ሳይቆጠር ነው። በዚህ ላይ ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላውም ምስሩም ምድጃ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ እንፋሎቱም በዚያው ልክ ይበዛል።

ጋቢና ታንኳ

ብረት ሙቀትን ከእንጨት በመቶዎች እጥፍ፣ ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ ከሚታሸግበት ነጭ ፎም ደግሞ ከሺህ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ስለዚህ ላሜራው በውስጥ በኩልም የውጭውን ሌሊት ያህል ይቀዘቅዛል። በጠራ የበጋ ሌሊት እንዲያውም ከአየሩ በታች ይወርዳል፤ ጣሪያው ሙቀቱን በጨረር ወደ ክፍት ሰማይ ስለሚለቅ ነው። ዝናብ በሌለበት በኅዳርና በታኅሣሥ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚያንጠባጥበው በዚህ ምክንያት ነው። የክረምት ደመና ለጣሪያው እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላል፤ ነገር ግን አየሩን በተን ይሞላዋል።

ቅዝቃዜን የሚከላከልልን በክር መካከል የታሰረ፣ የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ጋቢ በአራት ድርብ የሚሠራው ይህን አየር ለመያዝ ነው፤ በሁለት ድርብ ከሚሠራው ነጠላ የሚሞቀውም ለዚህ ነው። ጣና ላይ የሚንሳፈፈው የደንገል ታንኳም ምስጢሩ አየር ነው፤ የደንገሉ ውስጥ በአየር የተሞላ ስፖንጅ ይመስላል። ታንኳው ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ግን እየከበደ፣ እየበሰበሰ ይሄዳል። የግድግዳ የብርድ መከላከያም ዕጣው ይኸው ነው። ውሃ ከማይንቀሳቀስ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። የረጠበ ስፖንጅ በላሜራና በኮምፔርሳቶ መካከል ከተደበቀ ብርድ አይከላከልም፤ ሻጋታና ዝገት ይቀልባል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስምና ከመተንፈሻ አካላት ሕመም ጋር እንደሚያያዝ አስታውቋል። በአንድ ክፍል አድረው ጠዋት የሚያስሉ ሕፃናት ሳል ከዚህ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ጉዳዩን ቀላል አድርጌ ላየው አልችልም።

ዝናብ እየዘነበ መስኮት መክፈት

«ውጭው እንዲህ ረጥቦ መስኮት ብከፍት እርጥበት ማስገባት አይሆንብኝም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ከላይ ባለው ሒሳብ ውስጥ አለ። በ15 ዲግሪ 90 በመቶ ተን የያዘ አየር ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ የተን መጠኑ ያው ሆኖ የመሸከም አቅሙ ይጨምራል፤ ከልኩ የያዘው 66 በመቶ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተጨማሪ ተን ጭኖ ይወጣል። የሁለቱን ሰዎች እስትንፋስ ለማስወጣት የአውቶቡሱ አየር በየሰዓቱ ከአንድ ጊዜ ጥቂት በበለጠ መጠን ቢለወጥ ይበቃል። እርጥብ አየር ከደረቅ አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ከታች መግቢያ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ዝናብ የማያስገባ መውጫ ያስፈልጋል። ድስት ሲጣድ ሁለቱም ይከፈቱ። ብርዱን ለጋቢ እንተወው፤ መስኮቱ ለቤቱ ይተንፍስ።

አንድ ነገር ግን ያለ ማመንታት መባል አለበት። ቤቱን ለማድረቅም ሆነ ለማሞቅ ከሰል አውቶቡስ ውስጥ አይግባ። ብዙ ሰው «ጭሱ ከወጣለት፣ ፍሙ ከቀላ ችግር የለውም» ይላል። እውነቱ ሌላ ነው፤ የቀላው ፍም ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የተኛ ሰው ሳያስል፣ ሳይነቃ ይሞታል። እንደ አውቶቡስ በጠበበና በታሸገ ቦታ አደጋው የባሰ ነው።

ኮርኒሱ ይቆይ

ክረምት ደርሶበት ሥራው ያላለቀ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ቶሎ ኮርኒስ ለጥፎ ማጠናቀቅ ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ላሜራው ራቁቱን ሆኖ የሚያልፍበት አንድ ክረምት አውቶቡሱ ያለበትን ጉድለት ሁሉ የሚናገርበት ጊዜ ነውና ያዳምጡት። ጠመኔ ይያዙ፤ ውሃ በታየበት ቦታ ሁሉ ምልክት ያድርጉ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም አጠገቡ ይጻፉ። ዝናብን ተከትሎ የሚመጣ ውሃ ፍሳሽ ነው፤ ወደ ንጋት፣ ዝናብም ሳይኖር የሚታይ ውሃ የእስትንፋስ ነው። ካልለየልዎ ቁራጭ ላስቲክ ላሜራው ላይ ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት። በክፍሉ በኩል ከረጠበ ተን ነው፤ በስተጀርባው ከረጠበ ቀዳዳ አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በቅደም ተከተል ይሂድ። በመጀመሪያ የመስኮት ጎማና የተበሳ ላሜራ ይጠገን፤ ዝገቱ ተፍቆ ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባ። ቀጥሎ አየር መግቢያና መውጫው ይበጅ። ሦስተኛው መከላከያው ነው። ፎሙ በላሜራው ላይ ክፍተት ሳይተው ይለጠፍ፤ ክፍተት ካለ ተን ከኋላው ገብቶ ብረቱ ላይ ውሃ ይሆናል። የግድግዳው የብረት ፍሬሞችም ይሸፈኑ፤ ራቁት የቀረ ፍሬም ቅዝቃዜን ወደ ውስጥ የሚያሻግር ድልድይ ነው። ፎም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ብየዳ ሁሉ ከዚህ በፊት ይለቅ፤ ምድጃውም ይራቅ። በአራተኛ ደረጃ፣ በክፍሉ በኩል፣ መጋጠሚያው የታሸገ ላስቲክ ይዘርጋ፤ ተኑ ወደ ፎሙ እንዳይገባ ይከለክላል። ፎሙ ብረቱን ሲሸፍን የዝናቡም ጩኸት ይቀንሳል፤ የላሜራውን ንዝረት ስለሚያፍነው ነው።

የእንጨት ሥራ ለበጋ ይቆይ። በክረምት አየር ውስጥ የከረመ ጣውላ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰበሰባል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በዚህ መካከል 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ሊያጥር ይችላል። በነሐሴ ገጥሞ የተመታ ቁም ሣጥን በመጋቢት የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ቺፕውድ ደግሞ አንዴ ካበጠ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ጎጆው ያውቅ የነበረው

የሣር ጎጆ ይህን ሁሉ ያለ ላስቲክና ያለ ፎም ይፈታው ነበር። በጭድ የተቦካው የጭቃ ግድግዳ ሌሊት ተኑን ይጠጣል፤ ቀን ይመልሰዋል። የሣር ክዳኑ ዝናቡን አንሸራትቶ ጭሱንና እንፋሎቱን ያሳልፋል። ጭሱ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ መጉዳቱ አይካድም፤ ቆርቆሮ መምጣቱም ከእሳትና በየጊዜው ሣር ከመክደን አሳርፎናል። ግን ክዳኑን ስንለውጥ የእስትንፋሱን መውጫ ረሳነው። ዛሬ በከተማም በገጠርም ስንት ቤተሰብ በሩን በጨርቅ ጠቅጥቆ ከቀዝቃዛ ቆርቆሮ ሥር ያድራል።

አውቶቡሱ ይህን ያህል ግልጽ አስተማሪ የሆነው የሚደበቅበት ነገር ስለሌለው ነው። ጥቅምት ሲገባ፣ አናጺው ጣውላውን ይዞ ሲመጣ፣ ላሜራው ላይ የጠመኔ ምልክቶቹ ይጠብቁታል፤ የትኛው ተደፍኖ ደርቆ እንደቀረ፣ የትኛው መተንፈሻ እንደፈለገ ተጽፏል። ኮርኒሱ ያን ጊዜ ይመታ። ቆርቆሮ ቤት ያለንም ብንሆን በሚቀጥለው ሐምሌ ጠብታ ግንባራችን ላይ ስታርፍ መሰላል ከመፈለጋችን በፊት፣ ከጣሪያው ሥር የእጅ መዳፍ የምታህል የአየር መውጫ አለች ወይ ብለን ቀና ብለን እንይ።