ልብስ ላይ መብራት፦ ተረትና እውነታ

የካምፓላ ከተማ ፌስቲቫል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ዩጋንዳ የነጻነቷን 50ኛ ዓመት ባከበረችበት ዓመት ነው። ለእንዲህ ያለው የካርኒቫል ቀን ልብሱን በራሱ እጅ የሚሠራ ሰው ጨርቁን ከካምፓላ ኪዬምቤ፣ ሰልባጁን ከኦዊኖ ገበያ ያገኛል። መብራት ልጨምርበት ሲል ግን ከዚህም ከዚያም የሚሰማው ወሬ ያደናግረዋል። ግማሹ ያለ ምክንያት ያስፈራዋል፤ ግማሹ ደግሞ መጠንቀቅ ባለበት ቦታ ያዘናጋዋል። ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ሆኖ ለልጁ የትምህርት ቤት ዝግጅት ልብስ ለሚሰፋ ኢትዮጵያዊ ወላጅም፣ አዲስ አበባ ሆኖ ለሚሞክርም ጉዳዩ አንድ ነው፤ ከአምፖሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ባትሪውና ሽቦው ነው።

ተረት፦ ኤሌክትሮኒክስ ያልተማረና ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰው ይህን አይሞክረውም።

እውነታ፦ ፕሮግራም የሚያስፈልገው መብራቱ በየተራ ብልጭ እንዲል ወይም ቀለም እንዲቀያይር ሲፈለግ ነው። በርቶ ለሚቆይ መብራት ባትሪ ከነማቀፊያው፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከረንት የሚገድብ ሬዚስተርና ኤልኢዲ የሚባለው አነስተኛ መብራት ይበቃሉ። የኤልኢዲው ረጅም እግር ወደ ፖዘቲቭ፣ አጭሩ ወደ ኔጌቲቭ ይያያዛል። ተገልብጦ ከገባ አይበራም፤ በእንዲህ ያለ አነስተኛ ቮልት ግን ብዙውን ጊዜ አይበላሽም፤ አዙሮ መሞከር ነው።

ተረት፦ ኤልኢዲን ከባትሪ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ይቻላል፤ ሬዚስተር ትርፍ ነው።

እውነታ፦ ኤልኢዲ የሚያልፍበትን ከረንት በራሱ አይገድብም። ቮልቱ ከሚፈልገው ትንሽ ከፍ ሲል ከረንቱ በጣም ይጨምራል፤ መብራቱም ይቃጠላል። የሬዚስተሩ ሒሳብ ቀላል ነው። ሦስት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮች ተደርድረው 4.5 ቮልት ይሰጣሉ። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ 2.5 ይቀራል። ለልብስ 10 ሚሊአምፔር በቂ ብርሃን ስለሚሰጥ፣ 2.5ን ለ0.01 ስናካፍል 250 ኦም ይመጣል፤ በገበያ የተለመደው ቀጣዩ ቁጥር 270 ነው። ነጭና ሰማያዊ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት ገደማ ስለሚወስዱ 150 ኦም ይበቃቸዋል።

ተረት፦ አንድ ሬዚስተር ለሁሉም መብራት ይበቃል።

እውነታ፦ ቀይና ነጭ ኤልኢዲ ጎን ለጎን በአንድ ሬዚስተር ሲያያዙ ቀዩ ብቻ ይበራል። ቀዩ የሚነሳው በ2 ቮልት ስለሆነ ቮልቱን እዚያው ላይ ይይዘዋል፤ ነጩ የሚፈልገው 3.2 ቮልት ገደማ አይደርሰውም። ብዙ ጀማሪ ነጩ ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ የየራሱን ሬዚስተር መስጠት ይሻላል።

ተረት፦ የሰዓት ድንጋይ ትንሽና ቀላል ስለሆነች ለልጆች ልብስ ተመራጭ ናት።

እውነታ፦ ባለ 3 ቮልቷ ክብ ድንጋይ አንድ ኤልኢዲ ታበራለች፤ አሥር ግን አትችልም። ከሁሉ በላይ ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮው ውስጥ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ለልጅ ልብስ ክዳኑ በቡሎን የሚታሰር የደብል ኤ ድንጋይ ማቀፊያ ግዙ። ልጅ ክብ ድንጋይ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪያመው አትጠብቁ፤ በዚያው ቅጽበት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ተረት፦ የባትሪ ቮልት ትንሽ ስለሆነ ጉዳት የለውም።

እውነታ፦ 4.5 ቮልት አይነዝርም፤ ሽቦዎቹ ተነካክተው ሾርት ሲያደርጉ ግን ባትሪው ይግላል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሾርት ሲያደርግ ወይም ሲጨፈለቅ በእሳት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ጀማሪ ሰውነቱ ላይ ሊያስረው አይገባም። በ240 ቮልት ኮረንቲ የሚሠራ የገና መብራት ከሰውነት ጋር ፈጽሞ መያያዝ የለበትም፤ ይገድላል።

ተረት፦ ወፍራም፣ ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ጠንካራ ስለሆነ አይበጠስም።

እውነታ፦ ለግድግዳ ጥሩ ነው፤ ለሚጨፍር ሰው አይሆንም፤ ክርንና ወገብ ላይ በመታጠፍ ብዛት ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ሽቦ ይመረጣል። የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ የተበየደበት ቦታ ጠርዝ ላይ ነው፤ የብየዳው ቆርቆሮ የደረሰበት የሽቦ ክፍል ይደርቅና ከዚያ ቀጥሎ ያለው ለስላሳ ክፍል ደጋግሞ ይታጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ብየዳውን በሙቅ ሙጫ ሸፍኑት፤ ከዚያ ሽቦውን አጠፍ አድርጋችሁ በመርፌ ከጨርቁ ጋር ስፉት። ያን ጊዜ የሚጎተተው ስፌቱ ይሆናል፤ ብየዳው ያርፋል። ናስትሮ ብቻ ከተጠቀለለበት በላብና በሙቀት ይለቃል።

ተረት፦ መብራቱ በበዛ ቁጥር ልብሱ ያምራል፤ ቀንም ይታያል።

እውነታ፦ በቀን ፀሐይ አነስተኛ ኤልኢዲ ፈዞ ይቀራል። ካምፓላ ውስጥ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ከሩብ ባለው ጊዜ ነው፤ መብራቱ የሚያምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስስ ነጭ ጨርቅ ብርሃኑን አለስልሶ ይበትነዋል። ከሙቱባ ዛፍ ልጥ የሚሠራው የቡጋንዳ ሉቡጎ ግን ወፍራምና ጠቆር ያለ ስለሆነ መብራቱን በጠርዙ ማድረግ ያስፈልጋል። አሥር ኤልኢዲ እያንዳንዱ 10 ሚሊአምፔር ሲወስድ በአጠቃላይ 100 ይሆናል፤ ጥሩ የደብል ኤ አልካላይን ድንጋዮች ይህን ሌሊቱን ሙሉ ያበሩታል።

ጀማሪ ከሆናችሁ በአንድ ቀይ ኤልኢዲ ጀምሩ፤ በርቶ ስታዩት ወደ ሁለት፣ ወደ አምስት ሂዱ። ካርኒቫሉ በዝናብ ወቅት ሊውል ስለሚችል ባትሪውን ዝናብና ላብ በማይደርስበት ኪስ ውስጥ አድርጉት። ማብሪያ ማጥፊያው የለባሹ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ልብሱን ለብሳችሁ ጨፍሩበት፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ባትሪውን ዳስሱት። ሞቆ ካገኛችሁት አውጡትና ስህተቱን ፈልጉ፤ ስህተቱ ሳይገኝ ያ ልብስ አይለበስ።