የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፦ ከአንድ የጃፓን ባቡር ጣቢያ የተማርኩት

ስለ ጃፓን ባቡር ሲነሳ ሁላችንም የምናወራው ስለ ፍጥነቱና ስለ ሰዓት አክባሪነቱ ነው። እኔም በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና በ2018 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለሥራ ወደዚያ ስሄድ ይህንኑ ላደንቅ ነበር። ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን በየዕለቱ ባቡር እቀይርበት ከነበረው፣ በቶኪዮና በዮኮሃማ መካከል በካዋሳኪ ከተማ ከሚገኘው የሙሳሺ-ኮሱጊ ጣቢያ ነው።

ጣቢያው በስም አንድ ይሁን እንጂ በተግባር ሁለት ነው። በቶክዩ ኩባንያ በኩል የቶዮኮና የሜጉሮ መስመሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ የአንድን መድረክ ግራና ቀኝ ይጋራሉ። ተሳፋሪው ከአንዱ ወርዶ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ሌላውን ይይዛል፤ ደረጃ መውጣት የለ፣ መሮጥ የለ። በጄአር በኩል ግን ከናምቡ መስመር ወደ ዮኮሱካ መስመር ለመሻገር በረጅም መተላለፊያ በርካታ ደቂቃ መጓዝ ግድ ነው።

ለምን? የዮኮሱካ ባቡሮች ከ1980 ጀምሮ፣ ቀድሞ ለጭነት በተሠራ ሐዲድ ላይ በሰፈሩ ያልፉ ነበር፤ ግን አይቆሙም። መድረክ የተሠራላቸው በ2010 ነው። ሐዲዱ የሚያልፈው ከነባሩ ጣቢያ ራቅ ብሎ ስለሆነ አዲሱ መድረክም እዚያው ርቆ ቀረ። በዚያው ዘመን በቀድሞ ፋብሪካዎች ቦታ ላይ ሰማይ ጠቀስ መኖሪያ ቤቶች ተደረደሩ። ከዚያ ቶኪዮ ጣቢያ በ20 ደቂቃ ገደማ ስለሚደረስ ሰዉ ጎረፈ። የሁለቱም አቅጣጫ ተሳፋሪ የሚቆመው ግን በአንድ ጠባብ መድረክ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰልፉ ከመፈተሻው በር አልፎ ውጭ ድረስ ሲዘልቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። እስከ 15 ፉርጎ የሚስብ ባቡር ሰዉን በአንድ ጊዜ ያራግፋል፤ ደረጃው ግን የሚያሳልፈው በወርዱ ልክ ነው። ያ ሕዝብ ሳያልቅ ቀጣዩ ባቡር ከደረሰ ተጨማሪ ባቡር ማሰማራት ጭንቁን ያብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። ስለዚህ ሁለተኛ መድረክ ተሠርቶ በታኅሣሥ 2022 ተከፈተ፤ ወጪና ወራጁም በአቅጣጫ ተለየ። ይህ የሆነው መድረኩ በተከፈተ በ12 ዓመቱ ነው።

ልብ በሉ፤ ቤት ሠሪው ቤቱን፣ ባቡር አስኪያጁም ባቡሩን በሚገባ ሠርቷል። የጎደለው ሁለቱን አንድ ላይ የሚደምር ሰው ነበር። እኛም ስለ ልማት ስንከራከር ስንት ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ ስንት ፎቅ ብለን እንቆጥራለን። ለመሆኑ ያ ሁሉ ሰው በየትኛው ደረጃ፣ በስንት ደቂቃ ይወርዳል ብለን የጠየቅነው መቼ ነው? ሀብታሟ ጃፓን እንኳ ያፈሰሰችውን መልሳ ለቅማለች፤ ድሃ አገር ግን ሁለት ጊዜ የመሥራት አቅም የለውም።