በአጥንት ላይ የታሰረ ብረት ይዝጋልን?

በደብረ ወርቅ ከሰበካ ጉባኤ አባላት ጋር በተወያየንበት ዕለት፣ እግራቸው ተሰብሮ ብረት የገባላቸው አንድ አረጋዊ ካህን «ይህ ብረት በውስጤ አይዝግምን?» ሲሉ ጠየቁ። እኔ የተማርሁት ነገረ መለኮት እንጂ ሕክምና ስላልሆነ ጉዳዩን አጥንቼ ለመመለስ ቃል ገባሁ።

«አይዝጌ ብረት» መባሉ ፈጽሞ የማይዝግ ሆኖ አይደለም። ለአጥንት ሕክምና የሚውለው 316 ኤል የተባለው ዓይነት ከ17 እስከ 19 በመቶ ክሮሚየም አለበት። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ በብረቱ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። ቢጫር እንኳ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ መልሶ ይሸፈናል። የደብሩ መጠሪያ የሆነው ወርቅ በባሕርዩ አይዝግም፤ ይህ ብረት ግን የሚጠበቀው በልብሱ ነው። በጥቁር አንበሳና በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ለታፋና ለቅልጥም ስብራት የሚገባው፣ ሳይን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት በነፃ የሚለግሰው ዘንግም ከአይዝጌ ብረት የተሠራ ነው።

የሰው ገላ ጨዋማ ነው። በደምና በሌሎች ፈሳሾች ያለው ክሎራይድ ሽፋኑ በሳሳበት በኩል ገብቶ ጥቃቅን ጉድጓዶችን ይቆፍራል። ይህን እንዲቋቋም ሞሊብዲነም ይጨመርበታል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የብሎኑ ራስ በብረቱ ላይ የሚያርፍበት ጠባብ ስፍራ ነው። በዚያ ኦክስጅን ያንሳል፤ አጥንቱ ካልጋጠመም በእያንዳንዱ እርምጃ ብሎኑና ብረቱ ይፋተጋሉ፣ ሽፋኑም መልሶ ሳይበጅ ይላጣል። የሚወጣው ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያስቆጣል፤ ብረቱም ሊላላ ወይም ሊሰበር ይችላል። አጥንቱ በደኅና ከጋጠመ ግን ብዙዎች ብረቱን ይዘው ያለ ችግር ለዓመታት ይኖራሉ።

ስለዚህ ብረት የገባበትን እግር ወጌሻ ሊያሸው ወይም ሊጎትተው አይገባም። ከአንድ ሰው የወጣ ብረትም ለሌላው አይገባም፤ ገጹ ተጎድቷልና። ጠበል ያዝገው እንደ ሆነ የጠየቁም ነበሩ፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ በቆዳ ላይ የሚፈስ ውኃ ብረቱ ዘንድ አይደርስም። ቁስሉ እስኪድን ግን የሐኪሙን ትእዛዝ መጠበቅ ግድ ነው። እብጠት፣ መግል ወይም ጠፍቶ የተመለሰ ሕመም ሲኖር የቀድሞውን ራጅ ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ይህን ይዤ ስመለስ አባታችንን መጨረሻ ራጅ የተነሡት መቼ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ አጥተው ሁለት ቀጠሮ አሳልፈዋል። ሰበካ ጉባኤው ወጪውን ሸፍኖ በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ላካቸው።