ያረጀ፣ የታመመና የሚደነግጥ ውሻን በቤት መንከባከብ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ

ስለ ላም፣ ስለ በግና ስለ ዶሮ አያያዝ በተለያዩ ሥልጠናዎች ተወያይተናል። ስለ ውሻ ግን ብዙ ጊዜ አናነሳም። ይሁንና ሌሊት በረትዎን ከጅብ፣ ጓሮዎን ከሌባ፣ ማሳዎን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቀው ውሻ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ ለበላበት ቤት ሲጮህ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ብዙ ጊዜ ውሻ ሲያረጅ ወይም ሲታመም ይባረራል፤ አንዳንዱም ራቅ ወዳለ መንገድ ተወስዶ ይጣላል። የተጣለ ውሻ አይከተብም፤ ከቆሻሻና ከጥንብ ይመገባል፤ ከሌሎች ባለቤት አልባ ውሾች ጋር ይናከሳል። በሽታ ከያዘው ተመልሶ የሚመጣው ወደሚያውቀው ደጃፍ ነው። ስለዚህ ያረጀንና የታመመን ውሻ በቤት መንከባከብ ለውሻው ማዘን ብቻ ሳይሆን የቤተሰብዎንና የከብቶችዎን ጤና መጠበቅ ነው።

ይህን ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ የሚከተሉትን ማድረግ ይችላሉ፦
• ያረጀ ውሻን በአነስተኛ ወጪ መመገብና ማሳደር፤
• የታመመ ውሻን በቤት መርዳትና ወደ ባለሙያ መቼ መውሰድ እንዳለብዎ ማወቅ፤
• የሚደነግጥ ውሻን ማረጋጋት፤
• ተራ ሕመምንና ፍርሃትን ከእብድ ውሻ በሽታ ምልክቶች መለየት።

2. ያረጀ ውሻ

አብዛኛው ውሻ ከ7 እስከ 8 ዓመት ሲሆነው የእርጅና ምልክት ማሳየት ይጀምራል። የአፉ ዙሪያ ይሸብታል፤ ጠዋት ሲነሳ እግሩ ይተሳሰራል፤ ጥርሱ ያልቃል ወይም ይወልቃል፤ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ጆሮው ይደክማል። እነዚህ የዕድሜ ለውጦች ናቸው። ነገር ግን በአጭር ጊዜ መክሳት፣ ውሃ ከመጠን በላይ መጠጣትና በሰውነት ላይ የሚያድግ እብጠት በሽታን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መታየት አለባቸው።

ማደሪያ፦ ለአሮጌ ውሻ ትልቁ ጠላት ብርድና እርጥበት ነው። ከግድግዳ ጥግ ዝናብና ንፋስ የማይገባበት ቦታ ይምረጡ። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ይሥሩና ደረቅ ገለባ ወይም ጆንያ ያንጥፉበት። ገለባውን በየሳምንቱ ይቀይሩ፤ የወጣውን ገለባ ያቃጥሉት፤ ቁንጫና መዥገር የሚራባው እዚያ ነውና።

ምግብ፦ ጥርሱ ያለቀ ውሻ ደረቅ እንጀራና አጥንት መቆርጠም አይችልም። እንጀራውን ወይም ቂጣውን በውሃ ወይም በአሬራ አርሰው፣ በቀን የሚሰጡትን ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ከፍለው ይስጡ። የወጥ ትራፊ ሲሰጡ ግን ይጠንቀቁ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ፤ ሲደጋገም ውሻው ደም ያንሰዋል፣ ይደክማል። ሽንኩርት የበዛበትን ወጥ ትተው ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ድንች፣ ሽምብራ ወይም እንቁላል ቢሰጡት ይሻላል። የቡና አተላም ለውሻ መርዝ ስለሆነ ሊደርስበት በሚችል ቦታ አይድፉ።

ጥንቃቄ ስለ ሳንባና ጉበት፦ በግ ወይም በሬ ሲታረድ «ጥርስ የለውም፣ ለስላሳውን ይብላ» ተብሎ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለአሮጌው ውሻ ይጣላል። በሳንባውና በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ካሉ በውስጣቸው የኮሶ ትል ዘር አለ። ውሻው ይህን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ በአትክልት፣ በውሃ ወይም በልጆች እጅ በኩል ወደ ሰው ሆድ ከገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ይፈጥራል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። የበግ አንጎል ለውሻ ሲሰጥም በጎችን የሚያዞረው የአዙሪት በሽታ በዚሁ መንገድ ይተላለፋል። ስለሆነም ከረጢት ያለበትን የሆድ ዕቃ በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። ለውሻ የሚሰጠውን ሥጋ በትንንሹ ቆርጠው ቢያንስ ለ40 ደቂቃ ያፍሉት። ውሻዎ የኮሶ ትል መድኃኒት (ፕራዚኳንቴል) ባለሙያው በሚያዝዘው መጠንና ጊዜ ይውሰድ።

ጆሮና ዓይን፦ ጆሮው የደከመ ውሻ ተኝቶ ሳለ በድንገት ሲነካ ደንግጦ ሊናከስ ይችላል። ይህ የክፋት ምልክት አይደለም። ልጆች ከሩቅ መሬቱን በእግራቸው እንዲመቱ ወይም በፊቱ በኩል እንዲመጡ ያስተምሩ። ዓይኑ ለደከመ ውሻ የምግብና የውሃ ዕቃውን ቦታ አይቀያይሩ።

3. የታመመ ውሻ

የመጀመሪያው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ምግብ መተው ነው። በሚከተለው ቅደም ተከተል ይመርምሩት፦

ሀ) ድዱን ይዩ፤ ይህን የሚያደርጉት ውሻው ረጋ ያለና የታወቀ ሕመም ያለበት ሲሆን ብቻ ነው። የጤነኛ ውሻ ድድ ሮዝ መልክ ያለውና እርጥብ ነው። የነጣ ድድ የደም ማነስን ወይም የደም መፍሰስን ያሳያል።
ለ) በትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይልቀቁ። ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አጥሮታል ማለት ነው።
ሐ) ቴርሞሜትር ካለዎትና ውሻው ከፈቀደ የሙቀት መጠኑን በፊንጢጣ ይለኩ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከሰው ከፍ ያለ ሲሆን ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ39.5 በላይ ከሆነና ውሻው ከደከመ ትኩሳት ሊሆን ይችላል።

ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ያለበትን ውሻ ከሌሎች ውሾች ይለዩት። 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻ በቀን ወደ 1 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። ውሃውን በአንድ ጊዜ ከሚያቀርቡለት በየጥቂት ደቂቃው በትንሽ በትንሹ ይስጡት። በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 ለካ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው በፊቱ ሊያስቀምጡለት ይችላሉ። በግድ አይጋቱት፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባል። ያልተከተበ ቡችላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት።

ማድረግ የሌለብዎት፦
• የሰው መድኃኒት አይስጡ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ፓራሲታሞል ጉበቱን ይጎዳል።
• ለከብት መዥገር የሚረጨውን ኬሚካል በግምት በውሻ ላይ አይርጩ። ውሻ ሰውነቱን ስለሚልስ መርዙ ወደ ሆዱ ይገባል። እከክና መዥገር ሲበዛበት ለውሻ የሚሆነውን መድኃኒት ባለሙያው ይዘዝ። አንዳንዱ እከክ ወደ ሰውም ይተላለፋል።
• ለከብት የተገዛ የትል መድኃኒት ለውሻ አያካፍሉ። መጠኑም ዓይነቱም ይለያያል።

ቁስል ያለበትን ውሻ ሲያጥቡ፣ የገዛ ውሻዎ ቢሆንም ሲያመው ይናከሳል። ከነጠላ ወይም ከጨርቅ በተቀደደ ረጅም ቁራጭ አፉን አንድ ዙር አስረው ከጆሮው ኋላ ያያይዙት። የሚያስመልስ ወይም ለመተንፈስ የሚቸገር ውሻ ግን አፉ አይታሰርም።

4. የሚደነግጥ ውሻ

በክረምት ነጎድጓድ፣ በቡሄ ሰሞን ጅራፍ፣ በሠርግና በለቅሶ ተኩስ ሲሰማ የሚንቀጠቀጥ፣ አጥር ሰብሮ የሚሮጥ ወይም ከጎተራ ሥር የሚደበቅ ውሻ አለ። የውሻ ጆሮ ከሰው ጆሮ እጅግ የላቀ ነው። ለእኛ ደህና የሆነ ድምፅ ለእሱ ያስጨንቃል። የደነገጠን ውሻ መምታት ፍርሃቱን ያባብሳል፤ ድምፁንና ዱላውን አንድ አድርጎ ያስታውሳልና።

የሚከተለውን ያድርጉ፦
• ሦስት ጎኑ የተዘጋ ጠባብና ጨለማ መደበቂያ ያዘጋጁለት፤ ሲደበቅ ጎትተው አያውጡት።
• ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት አይሰሩት። ታስሮ የሚውል ውሻ ይፈራል፣ ከፍርሃቱ የተነሳም ይናከሳል። ማሰር ካስፈለገ ሰንሰለቱ ውሃውና ጥላው ጋ የሚያደርሰው ይሁን።
• ከድምፅ ጋር ያለማምዱት። ከቡሄ ሳምንታት ቀደም ብለው ልጆች ጅራፉን ከሩቅ ቀስ ብለው ያጩኹ፤ ወዲያው የሚወደውን ምግብ ይስጡት። ሳይደነግጥ መብላት ሲጀምር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይቅረቡ። ከደነገጠ ተመልሰው ይራቁ።
• ሲበላ፣ ሲተኛና ቡችሎቿን ስታጠባ ልጆች እንዳይጠጉ ያድርጉ።

5. ሕመም፣ ፍርሃት ወይስ የእብድ ውሻ በሽታ?

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ሁሉ አብዷል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጥርጣሬው እስኪጠራ ድረስ በእጅ መነካት የለበትም።

የሚደነግጥ ውሻ የሚደነግጥበት ምክንያት ይታወቃል፤ ድምፁ ሲያልፍ ይረጋጋል። ያረጀ ውሻ ለውጡ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘው ግን በቀናት ውስጥ ይለወጣል። ቤተኛው እንግዳ ይሆናል፤ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፤ ድምፁ ይጎረናል፤ ያለ ዓላማ ይሄዳል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል፤ መንጋጋው ይወርዳል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ በመጨረሻም እግሩ ይሽመደመዳል። ምልክቱ ከታየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል።

የበሽታው ሁለት መልክ ይታወቅ። አንዱ የሚቆጣውና የሚናከሰው ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ዝምተኛው ነው። ውሻው ጥግ ይዞ ይተኛል፤ አፉን ከፍቶ ለሃጩን ያዝረበርባል፤ የታመመ እንጂ ያበደ አይመስልም። እንበል አንድ አባወራ አሮጌ ውሻው መዋጥ አቅቶት ያየዋል። «አጥንት ተሰክቶበታል» ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰድዳል። ውሻው አልነከሰውም፤ ነገር ግን በጣቱ ላይ ባለች ጭረት ለሃጩ ገባ። በሽታው የሚተላለፈው በለሃጭ ስለሆነ ይህ ሰው እንደተነከሰ ይቆጠራል። ስለዚህ መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጅዎን በፍጹም አያስገቡ። በሩን ዘግተው ለብቻው ያቆዩትና ባለሙያ ይጥሩ።

መከላከያው ክትባት ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም ባለሙያው በሚነግርዎ ጊዜ፣ በአብዛኛው በየዓመቱ፣ ይደገማል። «አርጅቷል፣ ክትባት ለምኑ» አይበሉ። በአንድ አካባቢ ካሉ 10 ውሾች ቢያንስ 7ቱ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መዛመቱ ይገታል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ መስከረም 18 አካባቢ ይውላል፤ ዕለቱ ክትባቱን የሠራው ሉዊ ፓስተር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ያረፈበት ነው። ከመስቀል በዓል ጋር ስለሚቀራረብ የውሻዎን ክትባት ዘመን ለማስታወስ ይጠቀሙበት።

6. ሰው ቢነከስ

• ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያጥቡ። በእጅ ሰዓት ወይም በስልክ ይለኩ፤ 15 ደቂቃ ከሚገምቱት ይረዝማል።
• በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የባህል መድኃኒትም ሆነ ጸበል ቢያምኑ፣ እጥበቱንና ክትባቱን አያዘግዩ። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም።
• የተጀመረው ክትባት እስከ መጨረሻው መርፌ ድረስ ይወሰድ።
• የነከሰው ውሻ ከታወቀ አይገደል፤ ተዘግቶ ለ10 ቀን ይታይ። እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ዕለት በለሃጩ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅም፤ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል።
• ውሻው ከሞተ ጭንቅላቱ አይመታ፤ ምርመራው የሚሠራው ከአንጎሉ ነው። በባዶ እጅ ሳይነኩት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።
• ላም ወይም በግ ከተነከሰ ለባለሙያ ያሳውቁ። በበሽታው የተጠረጠረ እንስሳ አይታረድ፤ ወተቱም አይጠጣ።

7. መዳን የማይችል ውሻ

መነሳት የተሳነው፣ መብላት ያቆመና ሕመሙ የጸናበት አሮጌ ውሻ ቢኖርዎ በመርዝ አይግደሉት። መርዙ ውሻውን ያሠቃያል፤ ሬሳውን የበላ ጅብ፣ አሞራና የጎረቤት ውሻም ይሞታል፤ ለልጆችም ያሰጋል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ያለ ሥቃይ የሚያሳርፍበት መንገድ ስላለው ያማክሩት። ሬሳው ከውሃ መገኛ ርቆ ቢያንስ 1 ሜትር በሆነ ጉድጓድ ይቀበር።

8. ማጠቃለያና የተግባር ሥራ

ሞዴል አርሶ አደር እንደመሆንዎ ጎረቤት የሚያየው የእርስዎን ደጃፍ ነው። ከዚህ ሥልጠና ሲመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት የሚከተሉትን ያከናውኑ፦

1ኛ. የውሻዎን ዕድሜና የመጨረሻ ክትባት ቀን ይጻፉ፤ ካላወቁ እንዳልተከተበ ይቁጠሩት።
2ኛ. ደረቅ ማደሪያ ይሥሩለት።
3ኛ. ለሆድ ዕቃ መቅበሪያ የሚሆን ክዳን ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ።
4ኛ. ልጆችዎ ስለ ቁስል እጥበት የተማሩትን በቃላቸው እንዲነግሩዎ ያድርጉ።

በልማት ቡድን የሚወያዩባቸው ጥያቄዎች፦
ሀ) በቡድናችሁ ውስጥ ስንት ውሾች አሉ? ስንቱ ተከትበዋል? ከ10 ሰባት ይደርሳሉ?
ለ) ባለፈው በዓል የታረዱ በጎች ሳንባና ጉበት የት ተጣለ?
ሐ) መዋጥ ያቃተው ውሻ ቢያጋጥማችሁ በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?