ስንዴው ሞላ ሲባል ዱቄት ፋብሪካው ለምን ተራበ?

የእህል ነጋዴ ዜና የሚሰማው በሁለት ጆሮ ነው። አንዱ ጆሮ ሬዲዮኑን ሲያዳምጥ ሌላው ከእህል በረንዳ የሚመጣውን ዋጋ ይጠብቃል። መንግሥት የካቲት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን በይፋ ሲያበስር ሁለቱ ጆሮዎች የሰሙት ነገር የተራራቀ ነበር። በአንድ በኩል ከአገር ፍጆታ የሚተርፍ 32 ሚሊዮን ኩንታል ስንዴ እንዳለ ተነገረ። በሌላ በኩል በዚያው ሰሞን የዱቄት ፋብሪካዎች የሚፈጩት አጥተው ያማርሩ ነበር፤ የዳቦም ዋጋ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላለም።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ንረት ወዲህ መንግሥት በውጭ ምንዛሪ ስንዴ እየገዛ፣ በጅቡቲ በኩል እያስገባ፣ ለዱቄት ፋብሪካዎች በኮታና በድጎማ ዋጋ ሲያከፋፍል ቆይቷል። ፋብሪካው ዱቄቱን በተተመነ ዋጋ ለዳቦ ቤት ይሰጣል፤ ዳቦ ቤቱም በተተመነ ዋጋ ይሸጣል፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ኮታ ካለ ደላላ እንደማይጠፋ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያሻም። የዳቦው ዋጋ ባለበት ሲቆም ደግሞ ክብደቱ ይቀንስ ነበር። ባለሥልጣናት በዓመት ወደ 17 ሚሊዮን ኩንታል ስንዴ ከውጭ ይገባ እንደነበር ሲገልጹ ቆይተዋል። ይህን ግዢ ለማስቀረት መነሳት፣ በዶላር እጥረት ለሚቸገር አገር፣ ምክንያታዊ እርምጃ መሆኑን የሚክድ የለም።

የበጋ መስኖ ስንዴ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር የተያዘው መሬት ጥቂት ሺህ ሄክታር ነበር። እንደ አዋሽ ሸለቆ ካሉት ቆላማ ቦታዎች ተነስቶ፣ የውኃ መሳቢያ ፓምፕና ኩታ ገጠም እርሻን ይዞ ወደ ደጋው ወጣ። በ2015 ዓ.ም. እቅዱ 1.3 ሚሊዮን ሄክታር ደረሰ። በእርግጥ ማሳው ሰፍቷል። ይሁንና ስንዴ ዓመቱን ሙሉ ከማሳ የማይጠፋ ከሆነ ዋግም ከወቅት ወደ ወቅት መሸጋገሪያ ያገኛል። በ2003 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገለማ የተባሉትን ዝርያዎች ምን እንዳደረጋቸው የአርሲና የባሌ ገበሬ አይረሳውም።

ገበያው ላይ ያለው ሰው የሚያሰላው ግን ሄክታሩን ሳይሆን ጉዞውን ነው። አንድ ኩንታል ስንዴ ከባሌ ተነስቶ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ፋብሪካ ደጃፍ እስኪደርስ በገበሬው፣ በሰብሳቢው፣ በዩኒየኑ፣ በደላላው፣ በጫኝና አውራጁ፣ በባለ መኪናው እጅ ያልፋል። በ2015 ዓ.ም. የተነሳው ዋና አቤቱታ የተያያዘው ከዚሁ መንገድ ጋር ነበር። ዩኒየኖች በተተመነ ዋጋ እንዲገዙ ተደረገ፤ የግል ነጋዴ የጫነው ስንዴ ኬላ ላይ ይያዛል ተባለ። ዋጋ የተተመነለት እህል ደግሞ ጎተራ መቀመጥ ይወዳል። ገበሬው የነገውን ዋጋ እያሰበ ያዘገየዋል፣ ነጋዴው መወረስን ፈርቶ አይጭንም፣ ፋብሪካውም ወፍጮውን አቁሞ ሠራተኛውን በሥራ ፈትነት ይከፍላል። የስንዴው መብዛትና የዱቄቱ መጥፋት በአንድ ወር ውስጥ ሊገጥሙ የቻሉት በዚህ መንገድ ነው።

ሌላው ጉዳይ ጥራት ነው። ከውጭ የሚመጣው ስንዴ በመርከብ ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። የአገር ውስጡ ከመቶ ገበሬ የተለቃቀመ፣ ዝርያው የተደባለቀ፣ ርጥበቱ የተለያየ፣ አልፎ አልፎም ጠጠር ያለበት ነው። ለዳቦ ይህን እያዋሃዱ መፍጨት ይቻላል፤ ለፓስታና ለመኮሮኒ ግን የዱረም ስንዴ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ከዳቦ ስንዴ ጋር ከተቀላቀለ ዋጋውን ያጣል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት ይህን ደረጃ የማውጣት ሥራ በእህል ነበር የጀመረው። ብዙ ሳይቆይ ዋና ሥራው ቡና ሆነ፤ የስንዴ ንግዱም በአብዛኛው በዓይን ግምትና በመዳፍ ቆንጥሮ በማየት ቀጠለ።

ወደዚህ ሥራ ገንዘብ ለማስገባት የሚያስብ ሰው አንድ ተጨማሪ ሒሳብ ሊያውቅ ይገባል። ከአንድ ኩንታል ስንዴ ሰባ አምስት ኪሎ ያህል ዱቄት ይወጣል፤ የቀረው በአብዛኛው ፉሩሽካ ነው። የዱቄት ዋጋ ላይ ሁሉም ዓይኑን ይጥላል፣ ፉሩሽካው ላይ ግን የሚያየው ከብት አድላቢውና ወተት አምራቹ ብቻ ነው። በመኖ እጥረት ጊዜ ፋብሪካውን ከኪሳራ የሚያወጣው ይኸው ግርድ የሚባለው ነገር መሆኑን ብዙዎች የሚረዱት ሥራው ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

ከዚህ ወዲያ ገበያውን ያናወጡት ከእርሻው ውጭ የመጡ ነገሮች ናቸው። የእርዳታ ስንዴ ወደ ገበያና ወደ ወፍጮ መግባቱ ስለተደረሰበት የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታውን ማቋረጡን አስታወቀ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ተከተለው። በ2016 ዓ.ም. እርዳታው እንደገና እስኪጀመር ድረስ፣ በሕጋዊ መንገድ ስንዴ የሚገዛው ፋብሪካ ከማን ጋር ሲወዳደር እንደነበር በይፋ የታወቀው ያኔ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ብር አለፈ። የውጭ ስንዴ በብር ሲታሰብ በእጥፍ ሊጠጋ ተወደደ፤ ይህም ለአገር ውስጡ ማንም ያላወጀው ከለላ ሆነለት። ዩሪያውና ኤንፒኤሱ ግን የሚገዙት በዚያው ዶላር ስለሆነ፣ በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው ተወሰደ። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት የተፈረመው ስምምነት በስንዴ ነጋዴው ዘንድም በጉጉት የሚታየው ለዚህ ነው።

እስከዚያው ድረስ ትርፍና ኪሳራው የሚለየው በታኅሣሥና በጥር ነው። ገበሬው የመኸሩን ወቅቶ የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል የሚሸጠው ያኔ በመሆኑ፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የተገኘ ፋብሪካ የዓመቱን ስንዴ በደህና ዋጋ ያከማቻል። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር ዕድገት ላይ የ14 በመቶ ጣሪያ ካስቀመጠ ወዲህ፣ በኋላ ቢያላላውም፣ ይህን ማድረግ የቻሉት ጥቂቶች ናቸው። ብድሩ ሚያዝያ ላይ የተፈቀደለት ፋብሪካ ገበሬውን ሳይሆን መጋዘን የሞላውን ነጋዴ ነው የሚያገኘው፤ የሚገዛውም ነጋዴው በጠራለት ዋጋ ነው።