ስለ ብርቅ አፈሮችና በመስተዋት ውስጥ ስለሚሰጡት ብርሃን

በቴፒ፥ በሚዛን ተፈሪና በሌላውም የደቡብ ምዕራብ የቡና አገር የኤሌክትሪክ መብራት ሳይገባ በነበረበት ዘመን፥ ነጋዴው ማታ ሂሳቡን የሚያገላብጠው፥ ደጋሹም የሠርግ ዳሱን የሚያበራው በማሾ ነበር። ተራው ፋኖስና ማሾው የሚያነዱት አንዱን ላምባ ሆኖ ሳለ፥ የፋኖሱ ብርሃን ቢጫና ደብዛዛ፥ የማሾው ግን ዐይን የሚወጋ ነጭ ነው። በማሾው ውስጥ ላምባው በአየር ግፊት ተገፍቶ ስለሚተን እሳቱ ጥላሸት የሌለውና እጅግ የጋለ ሰማያዊ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው እሳት ግን ለብቻው ሲሆን ብርሃኑ ጥቂት ነው። ነጩን ብርሃን የሚሰጠው በእሳቱ ላይ የሚታሰረው ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነው።

ይህን ከረጢት በ1885 ያወጣው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ የተባለ የኦስትሪያ ኬሚስት ነው (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጨርቁ ማዕድን በሟሟበት ውሃ ይነከራል፤ መጀመሪያ ሲለኰስ ጨርቁ ተቃጥሎ ያልቃል፥ የማዕድኑ አመድ ግን የጨርቁን ቅርጽ እንደ ያዘ ይቀራል። ቬልስባኽ ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1891 የደረሰበት ልክ 99 እጅ የቶሪየም ኦክሳይድና 1 እጅ የሴሪየም ኦክሳይድ ነበር። ሴሪየም ፈጽሞ ባይኖርበት ብርሃኑ ይደክማል፤ ቢበዛበትም ይደክማል። ይህ የልክ ነገር ወደ ፊት ደግሞ ይመጣልና አንባቢው ያስታውሰው። ቶሪየም ራዲዮአክቲቭ ስለ ሆነም የአሮጌ ማሾ አመድ ሲጠረግ አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል፤ ከጊዜ በኋላ ብዙ ፋብሪካዎች ቶሪየምን ትተው በኢትሪየም መሥራት ጀምረዋል።

ሴሪየምና ኢትሪየም፥ ሊቃውንት «ብርቅ አፈር» ብለው ከሚጠሯቸው 17 ንጥረ ነገሮች ሁለቱ ናቸው። ስሙ በሁለት በኩል ያሳስታል። አፈር አይደሉም፥ ብረት ናቸው፤ ብርቅም አይደሉም፥ ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው መጠን ከመዳብ መጠን ጋር የሚቀራረብ ነው። ብርቅ ያሰኛቸው አንዱን ከሌላው ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው። በ1787 አሬኒየስ የተባለ የስዊድን መኰንን በስቶክሆልም አጠገብ ባለችው በኢተርቢ መንደር አንድ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አገኘ፤ በ1794 የፊንላንዱ ሊቅ ዮሐን ጋዶሊን ድንጋዩን መርምሮ ያልታወቀ አዲስ ነገር እንዳለበት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት አንድ ነው ያሉትን ሲለዩት ሁለት፥ ሁለት ነው ያሉትን ሲለዩት ሦስት እየሆነ ሥራው ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ኢትሪየም፥ ኢተርቢየም፥ ተርቢየምና ኤርቢየም አራቱም ስማቸውን የወሰዱት ከዚያች ከኢተርቢ ነው፤ ስንት ታላላቅ ከተሞች አንድ እንኳ ሳያገኙ አንዲት የድንጋይ መፍለጫ መንደር አራት ማግኘቷ የሚያስገርም ነው።

እርስ በርሳቸው መመሳሰላቸውና ብርሃን መስጠታቸው ከአንድ ምንጭ የሚመጣ ነው። አቶም የሚባለው የነገር ሁሉ ቅንጣት በመካከሉ እምብርት፥ በዙሪያውም በየደረጃው የተቀመጡ ኤሌክትሮኖች አሉት። ከሌላ ነገር ጋር የሚዋሐደው በውጭ ባሉት ኤሌክትሮኖች ነው፤ በብርቅ አፈሮች ዘንድ የውጭዎቹ አቀማመጥ አንድ ዐይነት ስለ ሆነ በኬሚስቱ ፊት ሁሉም አንድ ይመስላሉ። የሚለያዩት ወደ ውስጥ ገባ ብለው በተቀመጡት ኤሌክትሮኖች ቍጥር ነው። እነዚህ የውስጦቹ በእልፍኝ እንደ ተቀመጠ ሰው ናቸው፤ በደጅ ያለው ነፋስ አይነካቸውም። ስለዚህ ኤርቢየም ወይም ኤውሮፒየም ከቀለጠ መስተዋት ጋር ተቀላቅሎ ቢበርድ፥ መስተዋቱ በዙሪያው ተጭኖት ሳለ የራሱን ቀለም አይለቅም። ብርሃን ወይም ሌላ ኀይል ሲደርሰው የውስጡ ኤሌክትሮን ወደ ላይኛው ደረጃ ይወጣል፤ ሲወርድም የወረደበትን ያህል ጉልበት ብርሃን አድርጎ ይሰጣል። ኤውሮፒየም ቀይ፥ ተርቢየም አረንጓዴ ይሰጣል፤ ኤርቢየም ደግሞ የሰው ዐይን የማያየውንና የሞገዱ ርዝመት 1,550 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን ይሰጣል። ይህ ብርሃን እንደ ማሾው ብርሃን ከግለት የሚመጣ አይደለም፤ መስተዋቱ ቀዝቃዛ እንደ ሆነ ያበራል።

ሴሪየም በዚህ ነገር ከወንድሞቹ ይለያል። ብርሃን የሚሰጠው ኤሌክትሮኑ ከእልፍኙ ወደ ደጅ ወጥቶ ሲመለስ ስለ ሆነ፥ ቀለሙ ባደረበት ቤት ይለዋወጣል። ለዚህም ምሳሌው በገጠር ቤቶች የማሾንና የኩራዝን ቦታ እየወሰደ የመጣው የሶላር መብራት ነው። አስተማሪው መብራቱን አጥፍቶ አምፖሉን በቀን ብርሃን ለተማሪዎቹ ቢያሳያቸው፥ በብዙዎቹ ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች ያያሉ። ቢጫው ሴሪየም የተጨመረበት የኢትሪየምና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ከሥሩ ያለችው ቅንጣት የምታወጣው ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው፤ ሴሪየሙ ከሰማያዊው ከፊሉን ተቀብሎ ቢጫ አድርጎ ይመልሰዋል፥ ሰማያዊውና ቢጫውም ሲገናኙ ለዐይን ነጭ ይሆናሉ። እንግዲህ ማሾውን ያበራ ሴሪየም እርሱን በተካው መብራት ውስጥም ተገኘ፤ የአሠራሩ መንገድ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊብራራ የሚገባው ኤርቢየም በመስተዋት ክር ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ዛሬ የስልክ ቃልና ጽሑፍ ሩቅ አገር የሚሄደው ከጠጕር ብዙም በማይወፍር ፋይበር በተባለ የጠራ የመስተዋት ክር ውስጥ ብርሃን ሆኖ ነው። መስተዋቱ ምንም ቢጠራ ብርሃኑ በየ15 ኪሎሜትሩ በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ዳሩ ግን በመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ ቴፒ 600 ኪሎሜትር ያህል ነውና፥ በዚህ ርዝመት የተዘረጋ ክር ቢታሰብ ብርሃኑ 40 ጊዜ ይጋመሳል። ሂሳቡ ለተማሪዎች በቡና ቢነገራቸው ይቀላል። አንድ ኩንታል ቡና በየ15 ኪሎሜትሩ እኩሌታው እየተወሰደ ቢጓዝ፥ ገና 300 ኪሎሜትር ሄዶ ጅማ ሳይደርስ ከአንዲት ፍሬ ያነሰ ይቀራል፤ ቴፒ የሚገባው ደግሞ የአንዲት ፍሬ አንድ ሚሊዮንኛ አይሞላም። እንዲህ የደከመውን ብርሃን የተለመደው መቀበያ መሣሪያ አያነበውም።

ቀድሞ በአገር ቤት ሩቅ መልእክት ከጉብታ ወደ ጉብታ በመጣራት ይተላለፍ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የመስተዋት መስመሮችም እንዲሁ ነበሩ፤ በየመንገዱ የተቀመጠ መሣሪያ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፥ አበርትቶም እንደ ገና ብርሃን አድርጎ ይልከዋል። መሣሪያው ውድ ነበረ፤ በአንድ ክር ብዙ ቀለም ብርሃን ቢላክ ደግሞ ለየቀለሙ ሌላ መሣሪያ ያሻል። በ1987 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ፔይን ቡድን፥ በአሜሪካም በቤል ላቦራቶሪ ኢማኑኤል ደሱርቪር ከጓደኞቹ ጋር ኤርቢየም ያለበት የመስተዋት ክር ብርሃንን እንደ ብርሃንነቱ ሊያጎላው እንደሚችል አሳዩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤርቢየም ያለበት ጥቂት ሜትር ክር በመስመሩ መካከል ይቀጠላል፤ ከጎንም 980 ናኖሜትር የሆነ የሌዘር ብርሃን ይገባበታል። ይህ ብርሃን የኤርቢየሙን ኤሌክትሮኖች ወደ ላይ ያወጣቸዋል። በሌላ ነገር ዘንድ የወጣ ኤሌክትሮን ብዙ ጊዜ ወዲያው ይወርዳል፤ የኤርቢየሙ ግን ከሰከንድ መቶኛ ያህል ይቈያል፥ ይኸውም በአቶም ዘመን ሲቈጠር እጅግ ረዥም ነው። በዚህ መካከል የደከመው መልእክት ሲደርስ የቈየው ኤሌክትሮን ይወርዳል፤ የሚሰጠውም ብርሃን ቀለሙ፥ አቅጣጫውና የሞገዱ አካሄድ ከመጣው ጋር ፍጹም አንድ ነው። አልበርት አይንሽታይን ይህን ሕግ በ1917 በሂሳብ አስቀድሞ አግኝቶት ነበር። አንዲት ሴት በሠርግ ቤት እልል ስትል በአጠገቧ ተዘጋጅተው የሚጠባበቁት ሁሉ በአንድ ድምፅ እንደሚከተሏት፥ አንዱ ብርሃን ሁለት፥ ሁለቱ አራት እየሆነ በጥቂት ሜትር ውስጥ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበረታል። ብዙ ቀለም በአንድ ጊዜ ቢያልፍም ሁሉንም አብሮ ያጎላል። ደግሞም በጥሩ ዕድል የኤርቢየም ብርሃን የወደቀው የጠራ መስተዋት ከሁሉ ይልቅ ብርሃን በሚያሳልፍበት ቀለም ላይ ነው።

ከዚህ ላይ የልኩ ነገር ተመልሶ ይመጣል። ኤርቢየሙ በመስተዋቱ ውስጥ ከሚሊዮን እጅ ጥቂት መቶ እጅ ብቻ ነው። የበዛ እንደ ሆነ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ጉልበቱን እርስ በርሳቸው ይቀባበሉታልና ብርሃኑ ይጠፋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ በመስተዋቱ ላይ አሉሚኒየም ይጨምራሉ፤ አሉሚኒየሙ ኤርቢየሙን በታትኖ ያስቀምጠዋል። በመስተዋቱ ውስጥ የቀረ እርጥበትም የኤሌክትሮኑን ጉልበት ወስዶ ሙቀት ስለሚያደርገው በሥራው ጊዜ አጥብቆ ይደርቃል። የመስተዋቱም ዐይነት ዋጋ አለው። ከአሸዋ የሚሠራው ሲሊካ ጠንካራ ነው፥ ብዙ ብርቅ አፈር ግን አይሸከምም፤ ፎስፎረስ ያለበት መስተዋት ብዙ ይሸከማል። ፍሎሪን ያለበት ደግሞ የውስጥ እንቅስቃሴው ለስላሳ ስለ ሆነ በሲሊካ ውስጥ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋውን ጉልበት ብርሃን ሆኖ እንዲወጣ ይተዋል፤ ዳሩ ግን በቀላሉ ይሰበራል።

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከዓለም ጋር ከምትገናኝባቸው መንገዶች አንዱ በጅቡቲ በኩል ነው። በ2010 ሥራ የጀመረውና ከደቡብ አፍሪካ እስከ ፖርት ሱዳን በባሕር ወለል የተዘረጋው ኢሲ የተባለው መስመር ጅቡቲ ላይም ይወጣል፤ በውስጡም በየተወሰነው ርቀት ኤርቢየም ያለባቸው ማጉያዎች አሉ። በኒውዮርክ ገበያ የተቈረጠ የቡና ዋጋ በዚያው ቀን እዚህ መሰማቱ በእነዚህ ነው። በእያንዳንዱ ማጉያ ክር እምብርት ያለው ኤርቢየም ቢመዘን ከአንድ ሚሊግራም እጅግ ያነሰ ነው።

በሥራ ላይ ያለው የኤርቢየም ክር በጨለማ ቢገለጥ ደብዛዛ አረንጓዴ ብርሃን ይታይበታል፤ አንዱ ኤሌክትሮን ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ከፍ ወዳለ ደረጃ በመውጣቱ ነው። ዋናው ብርሃን ግን አይታይም፤ አደገኛነቱም በዚህ ነው። ለመንገድ ወይም ለቤት ሥራ መሬት ሲቈፈር የተቈረጠ የመስተዋት ገመድ ቢገኝ፥ ልጆች ጫፉን ወደ ዐይናቸው አቅርበው እንዳይመለከቱ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል፤ ዐይን የማያየውን ብርሃን አይሸሽምና። የክሩም ስባሪ በቆዳ ውስጥ ገብቶ ለማውጣት አስቸጋሪ ስለ ሆነ በባዶ እጅ አይነካም።